የባለነጠላው ፊት

ሽበሺ ጀግናውን ሲያስበው መጀመሪያ የመጣለት ነጠላው ነበር። አንገት ላይ የታሰረ፣ ከኋላ የሚርገበገብ ነጠላ። እግሩም፣ ደረቱም፣ ወደ ላይ የሚነሳው እጁም ከነጠላው በኋላ የመጡ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሙሴ ልጅ ሳለ አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ ለሐዋሳ ልጆች ፊልም አሳየ። ፊልሙ ላይ አንድ ፈረንጅ ካባ አስሮ ይበራል። ሙሴ ያን ካየ በኋላ የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ያልዘለለው ከፍታ አልነበረም። ከአጥር ዘለለ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ዘለለ፣ መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉን ሞልተው የተቀመጡትን አባ ኮዳዎች፣ እነዚያን ራሰ በራ ወፎች፣ "መንገድ ልቀቁ" ብሎ ቀኝ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ተወረወረ። ሐሳቡ ውሃው ላይ ለማረፍ ነበር፤ ያረፈው ግን ዓሣ አጥማጆች ጎትተው ባወጡት ጀልባ ላይ ነው። የፊት ጥርሱ ግማሹ እዚያው ቀረ። የግራ ቅንድቡም ተተርትሮ ሲድን ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሙሴ በሳቀ ቁጥር ፊቱ አንድ የሚያስቅ ጥያቄ ሊጠይቅ የመጣ ይመስል ነበር፤ የተቆጣ ሰው እንኳ ሳይወድ አብሮት ይስቃል።

በ1970 ዓ.ም. ሙሴን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ሸሚዙን እንኳ በቅጡ አልቆለፈም። አልተመለሰም፤ የት እንዳለ የጠየቁ ሁሉ እንዳይጠይቁ ተነገራቸው። ማልቀስም ክልክል ነበር። እናታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ከልጃቸው ይልቅ ስለ ሌሎች ልጆች ፈሩና፣ አሰሳው ቤታቸው ከመድረሱ በፊት ሙሴ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳበትን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ብቻውን የተነሳውም አብሮ ሄደ፤ በችኮላ አልለዩትም። እንግዲህ የሙሴ ፊት በዚህ ዓለም ላይ በሁለት ቦታ ብቻ ቀረ፤ በእናቱ ዓይንና በሽበሺ እጅ።

የሽበሺ እጅ ደግሞ ቀላል እጅ አልነበረም። አባታቸው ከመንዝ የመጡ የፖሊስ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ልጃቸው ቢሮ እንዲገባ ቢመኙም ሽበሺ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ቶርኖ ላይ ቆሞ አደገ። እንጨት በሚሽከረከርበት ማሽን ላይ መሮውን ሲያስጠጋ ዋንዛው እንደ ቅቤ ይላጥለታል። ጣሊያኑ ሲሞት ቶርኖው ለሽበሺ ቀረ። በኋላ ታቦር ተራራ ሥር የአናጢዎች ማህበር ሲቋቋም ሽበሺ ቶርኖውን ይዞ ገባ፤ ቶርኖው የማህበሩ ሆነ፣ ሽበሺም የማህበሩ ሆነ። አላገባም። ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ማታ ለሁለት ራታቸውን ይበላሉ፣ ስለ ሦስተኛው አያወሩም።

የማህበሩ ሊቀመንበር ደበሌ የሚባል የሲዳማ ሰው ነበር፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ከድምፁ የሚበልጥ። በዚያ ሰሞን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እያንዳንዱ ማህበር አዲስ ምርት እንዲያቀርብ ትእዛዝ መጣ። ደበሌ አባላቱን ሰብስቦ ጠየቀ።

"ከአልጋና ከወንበር ሌላ ምን እናውቃለን? ተናገሩ እንጂ፣ ጓዶች። ዝም ካላችሁ ትልቅ አልጋ ሠርተን አዲስ ነው ልንል ነው።"

ሽበሺ ተነሳና "የልጆች መጫወቻ" አለ። ከኪሱ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ ክንድ የማያክል ሰው ነው። አንገቱ ላይ ቁራጭ ነጠላ ታስሯል። ቀኝ እጁ በብስክሌት ጎማ ሽቦ ተሰክቷልና ሲገፉት ወደ ላይ ይነሳል። ፊቱ ይስቃል። አንድ ጥርሱ ግማሽ ነው፣ አንድ ቅንድቡ ቀና ብሏል።

ሽበሺ ዕቅዱን ዘረዘረ፤ ያን ያህል ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። ጀግናው ባለነጠላው ይባላል። ከሐይቁ ነው የሚወጣው። ጉማሬ ይጋልባል። መልእክት የሚያመላልስለት አንድ አባ ኮዳ አለው። እህትም አለችው፣ እሷ ከሱ ትበልጣለች፣ ትዋኛለች። ጠላታቸው ሐይቅ ጠጪው ነው፤ ሆዱ ትልቅ የሆነ፣ ሐይቁን በሙሉ ጠጥቶ መጨረስ የሚፈልግ ሰው። አምስቱን አንድ ላይ የገዛ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ይጫወታል።

አባላቱ ተቀባበሉት። ቀለም ቀቢው ጠሀ የጀግናውን እጅ ደጋግሞ እያነሳ እያወረደ "ይሄ ሰውዬ ከኔ የበለጠ ይሠራል" አለ። በሙሉ ድምፅ ፀደቀ። በዚያ ማህበር ነገር ሁሉ የሚፀድቀው በሙሉ ድምፅ ነበር፤ አንድ እጅ እንኳ ቢጎድል እስኪሞላ ድረስ ይወያያሉ። ሐሳቡን ያመጣው ሰውም አብሮ እጁን ማንሳት አለበት። ይህችን ልማድ ሽበሺ ያኔ ወደዳት።

ማታ ጀግናውን ለእናቱ አሳየ። ወይዘሮ እታፈራሁ ተቀብለው ብዙ ጊዜ ያዙት። ጥርሱን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

"ይሄን ጥርስ እንዴት አስታወስከው?"

"እጄ ነው ያስታወሰው፣ እማዬ።"

"ስንት ነው የምትሠሩት?"

"ብዙ ነው። በየቤቱ ይገባል።"

ወይዘሮ እታፈራሁ አላለቀሱም፤ ማልቀሱን ረስተውታል። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አሻንጉሊቱን አለበሱት።

"ሌላውን ይውሰዱት" አሉ። "ልብሱንም፣ ስሙንም። አደራህን ፊቱን አታስነካብኝ።"

"አላስነካም" አለ ሽበሺ።

ከክፍለ ሀገሩ ሥራውን እንዲከታተል የተመደበው ካድሬ ጓድ ጉልላት ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሄድ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ የሻይ ፔርሙስ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ናሙናዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ሲያሳዩት መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ልጅ አለው መሰለኝ አሉ የተመለከቱት። ከዚያ ሥራው ትዝ አለው።

"ነጠላው ምንድነው?"

"ሲበር ከኋላው የሚርገበገብ ነው፣ ጓድ" አለ ሽበሺ።

"ነጠላ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ ነው። ልጆቻችን ምን ይማራሉ?"

ጴንጤ የሆኑት ሁለቱ አናጢዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ የነሱ ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፣ እነሱ ስለ ነጠላ የሚሉት የላቸውም። ኦርቶዶክሶቹም ስለ ነጠላ ሊከራከሩ አልደፈሩም። ነጠላው ወልቆ ጀግናው ቱታ ለበሰ። ሽበሺ እጁን አነሳ።

"ጉማሬ ላይ ለምን ተቀመጠ? በሌላው ጀርባ መቀመጥ የማን ባህርይ ነው?"

"ጉማሬው ይወደዋል" አለ ሽበሺ።

"ገባሮችም ባላባቱን የሚወዱ ይመስል ነበር፣ እኮ።"

ጉማሬው ተቀነሰ። አባ ኮዳም ተቀነሰ፤ ቆሻሻ ላይ የሚውል ወፍ የአብዮት መልእክተኛ አይሆንም ተባለ። እህቲቱ ትንሽ ቆየች፤ ዋና ልብስ ለብሳ ትታይ ወይስ ቱታ ትልበስ በሚለው ላይ ከተወያዩ በኋላ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላለፈች። ሽበሺ እያንዳንዱ ላይ እጁን አነሳ። ቤት ሲገባ እናቱ "ፊቱስ?" ይላሉ። "አለ" ይላል።

ሐይቅ ጠጪው ላይ ግን ውይይቱ ጥሩ ሳቅ ያለበት ሆነ። ጠላት ኢምፔሪያሊዝም መሆን አለበት ተባለ። ኢምፔሪያሊዝም ምን ይመስላል? አንዱ ኮፍያ አለው አለ፤ ሌላው የለም ሲጋራ ነው ያለው አለ። ጠሀ ኮፍያውንም ሲጋራውንም ቀባለትና ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ሆዱ ትልቅ፣ አንገቱ አጭር፣ እጁ ወገቡ ላይ። ሁሉም ቀስ ብለው ደበሌን አዩት፤ ቀስ ብለው ጠላትን አዩት።

"ምን ታያላችሁ?" አለ ደበሌ።

"ምንም" አለ ጠሀ።

"እኔ ሲጋራ አላጨስም።"

"ለዚህ እኮ ነው ሲጋራው የተጨመረው፣ ሊቀመንበር።"

ደበሌ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጉልላትም ፔርሙሱ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ግን ሳቁ ሲያልቅ ጉልላት ከባድ ጥያቄ ጠየቀ። ጠላትን በማህበሩ እንጨትና ጉልበት ማምረት ተገቢ ነው? ያልተሸጠውስ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል? ጠላትን በመጋዘን? ጠላቱ ቀረ። ጀግናው ብቻውን ቀረ፤ የሚጋልበው አጥቶ፣ መልእክተኛ ሳይኖረው፣ እህቱ በበጀት ዓመት ተይዛበት፣ የሚታገለውም ሰው ሳይኖር።

የደረቱ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የእጁ ጉዳይ መጣ። በማህበሩ ሥራው በቅብብል ነው። አንዱ ደረት ያወጣል፣ አንዱ እግር፣ አንዱ ሽቦውን ይሰካል፣ ጠሀ ይቀባል፤ ፊት የሚቀርጸው ሽበሺ ብቻ ነው። መጋዘኑ በቀኝ በኩል በተበሱ ደረቶች ተሞልቶ ሳለ ጉልላት አንዱን አንስቶ እጁን ገፋው።

"ቀኝ ነው።"

"አዎን፣ ቀኝ" አለ ሽበሺ። ሙሴ ከሾላው ሲዘል የዘረጋው ቀኙን ነው፤ ሌላ እጅ ታስቦት አያውቅም።

"መፈክር ስናሰማ የምናነሳው የቱን ነው?"

አባላቱ ለማረጋገጥ ያህል ሁሉም ግራ እጃቸውን አነሱ። ደበሌም አነሳ። ሽበሺም የራሱ ግራ እጅ አየር ላይ እንዳለ አየው።

ያን ሁሉ ደረት መጣል ነበረበት፤ ጠሀ ግን መላ አመጣ። ደረቱ በቶርኖ የወጣ ስለሆነ ክብ ነው፤ ፊትና ኋላው ብዙም አይለይም። እናዙረው አለ። ጀርባው ደረት ይሁን፣ ደረቱ ጀርባ ይሁን። ቀኙ ግራ ይሆናል። እንዳለውም አደረጉት። ጀርባው ላይ የቱታ ቁልፍ ተቀባ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ሰው ግን ፊቱን ወደዚህ፣ ደረቱን ወደዚያ አድርጎ የቆመ ሰው ነበር። ሽበሺ አንገቱን ሲያጣብቅ ኮላው እስኪይዝ በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቅና "አይዞህ" ይለዋል፤ ሰው ሳይሰማው።

ያን ዕለት ጉልላት ሊወጣ ሲል ተመልሶ ፊቱን አየ።

"ይሄ ሰው ምን ያስቀዋል?"

ሽበሺ የፈራው ጥያቄ መጣ።

"ድሉን አይቶ ነው፣ ጓድ።"

"ጥርሱስ?"

"ትግል ላይ የተሰበረ ነው" አለ ጠሀ፣ ብሩሹን እያጠበ።

ጉልላት ትንሽ አሰበ። "ጥሩ ነው" አለ። "ሕዝባዊ ነው።"

ሽበሺ ቤቱ የደረሰው እየዘለለ ነበር ማለት ይቻላል። "ፊቱ አለፈ፣ እማዬ። ሕዝባዊ ነው ተባለ።" ወይዘሮ እታፈራሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ዘመን በኋላ ሳቁ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

ጀግናው ጓድ ድል በሚል ስም ገበያ ወጣ። ማህበሩ በገበያው ጫፍ ትንሽ ዳስ ሠርቶ ደረደራቸው። በመጀመሪያው ሰሞን ልጆች እጁን እያነሱ ይስቃሉ፣ ወላጆች ጎትተው ይወስዷቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን የሰፈራቸው ሴትዮ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቲማቲም ሊገዙ መጥተው ዳሱ ፊት ቆሙ። የሳቸውም ልጅ ሙሴ በተወሰደበት ዓመት ለጥያቄ ተፈልጎ የቀረ ነው። አሻንጉሊቱን አዩት፣ ሽበሺን አዩት።

"ስጠኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"ለማን ነው፣ እትዬ ሙሉጌጥ? የልጅ ልጅ መጣ እንዴ?"

"የእታፈራሁ ልጅ አይደለም?" አሉ በሹክሹክታ። "የኔንም ትንሽ ይመስላል። አፍንጫው ነው እንጂ የሚለየው፣ ሳቁ ያው ነው። ሁሉም እንደዚህ ነበር የሚስቁት።"

ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ቲማቲሙን ረስተው ሄዱ።

በማግሥቱ ሌላ እናት መጣች፣ ከዚያ ሁለት ሆነው መጡ። ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ድረስ ተሰማ። ፎቶ ያቃጠለው የእታፈራሁ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በከተማው ግድግዳቸው ላይ ሚስማር ብቻ የቀረ ቤቶች ሞልተዋል። እናቶቹ አይከራከሩም፣ አይመርጡም፤ ከደረት አስጠግተው ይሄዳሉ። ደበሌ በደስታ ሰከረ። "ያልኳችሁ ይሄ ነው" ይላል፣ ምንም ያላለው ሰውዬ። "ሕዝቡ ምርታችንን ተቀበለ።" አዲስ ደረት ተቆረጠ፣ ይኸኛው ከመጀመሪያውም በግራ የተበሳ። ሽበሺ ቀኑን ሙሉ ፊት ይቀርጻል፤ ቅንድቡን ቀና፣ ጥርሱን ግማሽ፣ ከንፈሩን ፈታ። ወንድሙ ከመሮው ሥር ብድግ ብድግ እያለ በየቤቱ ይገባል። በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ጉልላት ነገሩን ያወቀው በመሠረተ ትምህርት ነው። ማን ተማረ ማን ቀረ እያለ በየቤቱ ሲዞር አንድ ቤት ትራስ ላይ ጓድ ድልን ተኝቶ አገኘው። ነጠላ ለብሷል። ሌላ ቤት ገባ፤ እዚያም ነጠላ ለብሷል። ሦስተኛው ቤት ያሉት አሮጊት አሻንጉሊቱን ሲያይባቸው ከሥራቸው ደብቀው ተቀመጡበት።

ወደ ማህበሩ መጥቶ ደበሌን ጠየቀው። ድምፁን አልጨመረም።

"ጓድ ደበሌ፣ የልጅ መጫወቻውን ለምንድነው አሮጊቶች የሚገዙት?"

"ለልጅ ልጆቻቸው ይሆናላ።"

"ልጅ በሌለበት ቤት?"

ደበሌ "ተወያይተን እናሳውቃለን" አለ። ጉልላትም "ሐሙስ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

ደበሌ ቶርኖው አጠገብ መጣ። ሽበሺ ማሽኑን ሊያቆም ሲል "አታቁመው፣ ይጩህ" አለው። ጠጋ ብሎ በጆሮው ተናገረ።

"እኔ የምጠይቅህ ነገር የለም። አንተም እንዳትነግረኝ።"

"እሺ።"

"ሐሙስ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እጅህን አንሳ።"

"ምን ዓይነት ሐሳብ?"

"ፊቱን እንቀይር ልል ነው።"

ሽበሺ የያዘው መሮ እንጨቱን ነክቶ ተንጣጣ። "ፊቱን አይሆንም፣ ደበሌ። የፈለጋችሁትን ስትወስዱ ዝም ብያለሁ።"

"አይቻለሁ። ለምን ዝም እንዳልክም አሁን ገብቶኛል።" ደበሌ ላቡን ጠረገ። "ስማኝ ወንድሜ። ከኔ ከመጣ ሐሳብ ነው። ከሱ ከመጣ ጥያቄ ነው። ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱን ፍለጋ እማማ እታፈራሁ ቤት ይገባሉ፣ እነዚያ እናቶች ቤት ሁሉ ይገባሉ። አንተ እጅህን ካላነሳህ ድምፁ አይሞላም። ካልሞላ ለምን አላነሳህም ተብለህ ትጠየቃለህ። እኔ ምን ላድርግ? ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ፣ እሱን አደርጋለሁ።"

ሽበሺ አሰበ። ቶርኖው ይጮኻል። ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሐሙስ ደበሌ ተነሳና በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ ለጥራት ሲባል፣ ጓድ ድል የአንድ ሰው ሳይሆን የሰፊው ሕዝብ ፊት እንዲኖረው፣ የተሸጡትም ተሰብስበው በነጻ በአዲስ እንዲተኩ ሐሳብ አቀረበ። እጆች ተነሱ፤ ግራ እጆች። አንድ ጎደለ። ደበሌ ወደ ጣራው አየ። ጠሀ ብሩሹን አየ። ጉልላት ፔርሙሱን መክደን ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ክዳኑን እያዞረ። ሽበሺ እናቱ ምድጃው አጠገብ ብቻቸውን እንዳሉ አሰበ፤ ሰዎች በር ሲያንኳኩባቸውም አሰበ። ክንዱ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ተነሳ።

የሰፊው ሕዝብ ፊት ቶሎ አልተገኘም። ሽበሺ ቀርጾ ያመጣል። "ይሄ አጎቴን ይመስላል" ይላል አንዱ። ሌላ ያመጣል፤ "ይሄኛው የቀበሌያችን ዘበኛ ነው፣ ቁርጥ።" አንዱን ደግሞ አይተው ማንን እንደሚመስል ለመናገር ፈሩና በፍጥነት ምድጃ ውስጥ ጣሉት። በመጨረሻ ቅንድቡ ቀጥ ያለ፣ አፉ የተዘጋ፣ ዓይኑ ወደፊት የሚያይ ፊት አወጣ። እየተቀባበሉ አዩት፤ ማንንም አይመስልም። በሙሉ ድምፅ ፀደቀ።

ከዚያ እናቶቹ መምጣት ጀመሩ። ማስታወቂያው በቀበሌው ስለተነገረ መቅረት አይቻልም። ነጠላውን አውልቀው፣ አጣጥፈው እቤት አስቀምጠው፣ አሻንጉሊቱን ራቁቱን ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ አላመጡም፤ ከመጠየቅ ብለው በገዛ ምድጃቸው አቃጠሉት። ልምዱ ነበራቸው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሲያስረክቡ አዲሱን አልወሰዱም። "ለሌላ ስጡት" አሉ፣ "እኔ የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም።"

እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ አይጣልም። ፊቱ ተልጦ እንደገና መቀረጽ ነበረበት፤ ፊት የሚነካው ደግሞ ሽበሺ ብቻ ነው። ጠሀ "እኔ ልላጥልህ፣ አንተ ዞር በል" አለው። ሽበሺ እንቢ አለ። መሮውን ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጥርሱ ይሄዳል፣ ከዚያ ሳቁ፣ ቅንድቡ መጨረሻ ላይ። ፍቅፋቂው ጉልበቱ ላይ ይከመራል። ይነሳና ያራግፈዋል፣ እንደገና ይቀመጣል። ደበሌ በዚያ ሳምንት ሥራ ቦታው አልመጣም፤ አመመኝ ብሎ ቀረ።

የእናቱ አሻንጉሊት የመጨረሻው ነበር። ሳይጠይቃቸው አምጥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

"እማዬ፣ ይሄን ጠፋ እላለሁ። ውሻ በላው እላለሁ።"

"ሙሉጌጥ የሷን ሰጥታ እኔ ላስቀር? ነገ ፊቱ የእታፈራሁ ልጅ ነበር ይሉና ባንተ ይመጣሉ። አንተም ልትቀር?" ነጠላውን ከአሻንጉሊቱ ላይ ፈቱ። "አንተው ላጠው። ሌላ ሰው እንዳይነካው።"

ሽበሺም ላጠው። እዚያው ፊት ለፊታቸው፣ ቀን በብርሃን። ወይዘሮ እታፈራሁ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን አላነሱም።

አዲሱ ጓድ ድል ለበዓሉ ተመረጠ። ትእዛዝ ከላይ መጣ፤ ብዙ፣ ከዚያም ሌላ ብዙ። በዓሉ አለፈ፣ ድርቁ መጣ፣ ዘመቻው መጣ፣ ትእዛዙ ግን አልቆመም፤ ለትምህርት ቤት ሽልማት፣ ለእንግዳ ስጦታ፣ ለመታሰቢያ። ሽበሺ ዓመት ከዓመት ያን ቀጥ ያለ ቅንድብ፣ ያን የተዘጋ አፍ ሲቀርጽ ኖረ። ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ፀጉሩ ሸበተ።

ወይዘሮ እታፈራሁም አረጁ፣ ዓይናቸው ደከመ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ጠሩት።

"ሽቤ፣ አሁንማ ማን ያየኛል? የድሮውን አንድ ሥራልኝ። በዓይኔ ባላየውም በእጄ አገኘዋለሁ።"

"ነጠላውንም ላድርግለት?"

"ነጠላውን እኔ አለብሰዋለሁ። አንተ ፊቱን።"

ሽበሺ ያማረ የዋንዛ ቁራጭ መረጠ፣ መሮውን አሾለ፣ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መሮው እንጨቱን እንደነካ እጁ ሄደ፤ ፈጣን፣ እርግጠኛ። ቅንድቡን አወጣ። ቀጥ ያለ ነው። አቆመና አየው። ላጠው። እንደገና ጀመረ። ቀና ያለ ነበር፣ የግራው ነበር፣ ይህን ያውቃል፤ ለሰው ንገር ቢባል ይናገራል። እጁ ግን አያውቅም። አፉን ሲያወጣ ከንፈሩ ገጠመ። ጥርስ ለማስገባት ሲሞክር የተሰበረ እንጨት መሰለ እንጂ ሳቅ አልሆነም። ዓይኑን ጨፍኖ ሙሴን ጠራው፤ ሾላው መጣ፣ ጀልባው መጣ፣ ነጠላው መጣ። ከነጠላው በላይ ያለው ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ሌላ ቁራጭ አመጣ። ሌላም አመጣ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ዘቀዘቀች።

"አለቀ?" አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

የተሻለውን መርጦ እጃቸው ላይ አኖረው። እናቱ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። ቅንድቡ ላይ ሄዱ፣ እስከ ጫፍ፤ ተመልሰው መጡ። አፉ ላይ ደረሱ፣ እዚያ ቆዩ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሊያለብሱት የጀመሩት እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

"ጨዋ ልጅ ነው" አሉ በትህትና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። "የማን ልጅ ነው?"